ስለ ኢንዶኔዥያ ሲወራ የምንስታቸው ነገሮች

«የሸሪዓ አገር ናት» ሲባል ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ከ100 ኢንዶኔዥያዊ 87ቱ ገደማ ሙስሊም መሆኑ እውነት ነው። አገሪቱ የቆመችው ግን ፓንቻሲላ በሚባሉ አምስት መርሆች ላይ ነው። የመጀመሪያው በአንድ አምላክ ማመን ነው፤ የየትኛው ሃይማኖት አምላክ እንደሆነ ግን አይልም። በዚህ መርህ ረቂቅ ላይ ሙስሊሞች ሸሪዓን እንዲከተሉ የሚያስገድድ ሐረግ ነበረ። ነፃነት በታወጀ ማግስት፣ ኦገስት 18 ቀን 1945፣ ተሰረዘ። ዛሬ የሸሪዓ ወንጀል ሕግ የሚሠራበት ክልል አቼ ነው።

«ሃይማኖት በጠነከረበት ሌብነት የለም» የሚሉም አሉ። በ2013 አንድ የፓርላማ አባል ከቁርኣን ማሳተሚያ በጀት ጋር በተያያዘ ሙስና 15 ዓመት ተፈረደበት። በ2016 ደግሞ የሃይማኖት ሚኒስትር የነበሩት ሱርያዳርማ አሊ በሐጅ ገንዘብ ተፈረደባቸው። ሁለቱንም ለፍርድ ያቀረበው ካ-ፔ-ካ የተባለው የፀረ ሙስና ኮሚሽን ነው። እሱንም በ2019 የወጣ ሕግ አዳከመው። ተማሪዎች አደባባይ ወጥተው ቢጮኹም የሰማቸው የለም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ይሄ ነው፦ «በ1965 ሕዝቡ በቁጣ ገንፍሎ ኮሚኒስቶችን ፈጀ»።

ሴፕቴምበር 30 ለሊት የተወሰኑ ወታደሮች ስድስት ጄኔራሎችንና አንድ መኮንን ገደሉ። ሬሳቸው ሉባንግ ቡአያ በሚባል ቦታ ጉድጓድ ውስጥ ተጣለ። በኋላ ፕሬዚዳንት በሆነው በጄኔራል ሱሃርቶ የሚመራው ጦር ጥፋቱን በሙሉ በኮሚኒስት ፓርቲው ላይ ጣለ። ጋዜጦቹ «ኮሚኒስት ሴቶች የጄኔራሎቹን ዓይን አውጥተዋል፣ ብልታቸውን ቆርጠዋል» ብለው ጻፉ። ሱሃርቶ ራሱ ያዘዘው የአስከሬን ምርመራ ግን እንዲህ ያለ ነገር አላገኘም። ሕዝቡ ይህን ሳያውቅ ዓመታት አለፉ።

ከዚያ በኋላ በወራት ውስጥ ቢያንስ 500,000 ሰው እንደተገደለ ይገመታል። በምሥራቅ ጃቫ የሙስሊም ወጣቶች ማኅበራት ገድለዋል። በባሊ ሂንዱ ሂንዱውን ገድሏል። ስለዚህ የሃይማኖት ጦርነት ልንለው አንችልም። በመካከለኛው ጃቫ እልቂቱ የተጀመረው የጦሩ ልዩ ኃይል ከገባ በኋላ ነው። ሕዝቡ እጁ የለበትም ማለቴ አይደለም። ያደራጀው፣ ያስታጠቀውና ከለላ የሰጠው ግን ጦሩ ነበር።

ከሞት የተረፉትስ? ወደ 12,000 የሚሆኑት ያለ ፍርድ ቡሩ ደሴት ላይ ታጎሩ። ሲፈቱም መታወቂያቸው ላይ የቀድሞ የፖለቲካ እስረኛ የሚል ምልክት ተደረገባቸው። ልጆቻቸው ሳይቀሩ የመንግሥት ሥራ ተከለከሉ።

«ታዲያ ድሮ ያለፈ ነገር አይደለም እንዴ?» አላለፈም። በጃንዋሪ 2023 ፕሬዚዳንት ጆኮ ዊዶዶ ይህን ጨምሮ በ12 ከባድ የሰብአዊ መብት ጥሰቶች ማዘናቸውን ተናገሩ። በ1965ቱ እልቂት ለፍርድ የቀረበ አዛዥ ግን የለም። በኖቬምበር 2025 ሱሃርቶ ብሔራዊ ጀግና ተባለ። በዚያው ቀን ያው ማዕረግ ለማርሲናም ተሰጠ። እሷ በ1993፣ በሱሃርቶ ዘመን፣ ሥራ ማቆም አድማ ላይ በመሳተፏ ተሰቃይታ የተገደለች የሰዓት ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች።