ዘር ከልጓም ይስባል

ባለፈው ሳምንት የእህቴን ልጅ ከመዋዕለ ሕፃናት ልወስድ ሄጄ፣ አንዲት መምህርት ስለ አንድ የአራት ዓመት ልጅ ስታወራ ሰማሁ። ጓደኛውን ነክሷል። «አባቱም ኃይለኛ ነው አሉ፤ ምን ይደረግ፣ ዘር ከልጓም ይስባል» አለችና ዘጋችው።

እኛ ስንሰማው ያደግነው ለሌላ ነው፦ ዳኛ ለዘመዱ ሲያዳላ፣ ተኳርፈው የከረሙ ወንድማማቾች ለቅሶ ቤት ሲተቃቀፉ። ስለ ዝምድና ስበት እንጂ ስለ ጠባይ ውርስ አልነበረም።

አያቴ በቅሎ ይገሩ ነበር። መጀመሪያ ልጓሙን ብቻ አግብተው ለቀናት ይስቧታል፤ ከዚያ አሸዋ የሞላ ጆንያ ይጭኑባታል፤ ኮርቻው በመጨረሻ ነው። ጠዋት ጠዋት የልጓሙን ብረት በመዳፋቸው አሙቀው ነበር የሚያገቡላት፤ «ብርድ ብረት አፍ ያስከፋል» ይሉ ነበር። አንድ ቀን ባዝራይቱ ከመስኩ ማዶ ስታሽካካ በቅሎዋ ዛቡን ከእጃቸው መንጭቃ በረረች። ስንደርስ ከአፏ ደም ይንጠባጠባል፣ አፍንጫዋን ግን ከእናቷ ጎን ለጥፋለች። አያቴ አልተቆጡም። «አይ፣ ዘር ከልጓም ይስባል» አሉ።

ተረቱ የተወለደው ከእንዲህ ያለ መስክ ነው ብዬ አምናለሁ። ደግሞ ልብ በሉ፤ የበቅሎ አባት አህያ ነው። ያቺ በቅሎ ግን አህያ አይታ ስትሮጥ አላየኋትም፤ የሮጠችው ወዳጠባቻት ባዝራ ነው። በቅሎን «አባትህ ማነው?» ቢሉት «ፈረስ አጎቴ ነው» ያለውም በእናቱ ወገን ስላደገ ይመስለኛል። እንግዲህ አባቶቻችን «ዘር» ባሉት ውስጥ ጡቱም፣ መላሱም፣ አብሮ መዋሉም አለበት።

የ50 ዓመት የመንትዮች ጥናቶችን ሰብስቦ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ትንተናም፣ በሰዎች መካከል ላለው ልዩነት የዘርን ድርሻ በአማካይ 49 በመቶ አድርጎታል። ግማሹ ማለት ነው። የልጅ አንጎል ደግሞ በሁለት ዓመቱ የአዋቂን መጠን 80 በመቶ ያህል ይደርሳል፤ ይህ ሁሉ የሚያድገው በሰው እቅፍ፣ በሰው ድምፅ መሃል ነው።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ገና ቁጣውን በቃል መናገር ያልቻለን ሕፃን በአባቱ ስም አትፍረዱበት፤ ተረቱንም ለእጅ መስጫ አታድርጉት። አያቴ በማግስቱ ብረቱን በመዳፋቸው አሙቀው፣ የቆሰለውን ጎን እየጠበቁ፣ እንደገና አገቡላት።