ፎቶው ስለተመሳሰለ ዕቃው እሱ ነው አይባልም

የሙራኖ መስታወት፣ ማለትም ጣሊያን ውስጥ ቬኒስ አጠገብ ባለችው የሙራኖ ደሴት የተሠራ የመስታወት ዕቃ፣ የያዘ ሰው ሲያማክረኝ ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በስልክ ነው። ስለ ሙራኖ መስታወት ከተጻፈ መጽሐፍ የአንድ ገጽ ፎቶ ያሳየኛል። ቀጥሎ ዕቃውን ከጎኑ ያስቀምጣል። «ይኸው፣ ቁርጥ እሱን! እዚህ ላይ 1949 ይላል።» ይህን መስማት አንገሽግሾኛል። መጽሐፍ መግዛቱ ደግ ነው፤ ችግሩ አነባበቡ ላይ ነው። ሰዎች ደጋግመው የሚሉኝን እስቲ በየተራ እንየው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ዕቃው ፊርማ ካለው፣ መጽሐፍ ምን ያደርግልኛል?»

በ1950ዎቹ ከሙራኖ የወጣው አብዛኛው ዕቃ ፊርማ የለውም። የወረቀት መለያ ተለጥፎበት ይሸጥ ነበር፤ ወረቀቱ ደግሞ ሲታጠብ ይነሳል። ከአንዱ ዕቃ አንስቶ ሌላው ላይ መለጠፍም ቀላል ነው። ቬኒኒ የተባለው የሙራኖ መስታወት ድርጅት ማህተምም በሐሰት ይመታል። ፊርማ የምርመራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም።

«አረፋ ያለበት የተበላሸ ነው።»

ናፖሊዮኔ ማርቲኑዚ በ1920ዎቹ መጨረሻ ለቬኒኒ የሠራው ፑሌጎዞ የሚባለው መስታወት ሆን ተብሎ በአረፋ የተሞላ ነው።

«ውስጡ የሚያብረቀርቀው ሁሉ ወርቅ ነው።»

አንዳንዱ እውነትም የወርቅ ቅጠል ነው። አቬንቱሪን በሚባለው መስታወት ውስጥ የሚያብረቀርቀው ግን መዳብ ነው።

«ወፍራምና ባለ ድርብርብ ቀለም ከሆነ ሙራኖ ነው።»

ይህን አሠራር ሶመርሶ ይሉታል። ነዳፊው ፍላቪዮ ፖሊ ሴጉሶ ቬትሪ ዳርቴ ለተባለው የሙራኖ ድርጅት ሠርቶ ስም ያወጣበት ነው። ነገር ግን በቼኮስሎቫኪያ የነበረው የክሪብስካ ፋብሪካ መስታወት ዛሬም «ሙራኖ» እየተባለ ይሸጣል። ስለዚህ የጣሊያን መጽሐፍ ብቻ ይዞ የጣሊያን መስታወት መለየት አይቻልም። ከጎኑ ስለ ቼክ መስታወት የሚናገር አንድ መጽሐፍ ያስፈልጋል። ይህን ምክር የሚሰማኝ ግን ጥቂት ሰው ነው።

«መጽሐፉ 1949 ካለ፣ የእኔም የ1949 ነው።»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ምክንያቱም ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ነው።

ከፎቶው ሥር የሚጻፈው ዓመት ብዙውን ጊዜ ንድፉ የወጣበት ነው። ያ ዕቃ ከምድጃ የወጣበት ላይሆን ይችላል። ፋዞሌቶን ውሰዱ። እንደ መሐረብ ጠርዙ ተጣጥፎ የሚቆም የአበባ ማስቀመጫ ነው። ነዳፊው ፉልቪዮ ቢያንኮኒና የቬኒኒ ድርጅት መሥራች ፓኦሎ ቬኒኒ በ1940ዎቹ መጨረሻ ያወጡት ንድፍ ነው። ቬኒኒ ዛሬም ይሠራዋል። የዛሬውም ትክክለኛ ቬኒኒ ነው፤ የ1949 ዋጋ ግን አያወጣም።

አንድ ወዳጄ ነጭና ግራጫ ባለ መስመር ፋዞሌቶ ገዝቶ መጣ። ሻጩ መጽሐፉን ገልጦ አሳይቶታል፤ ዓመቱንም በጣቱ ጠቁሞለታል። ገልብጬ ታቹን በማጉያ መነጽር አየሁት። በቀጭን መርፌ የተቀረጸ «ቬኒኒ ኢታሊያ 83» ይላል። የድሮዎቹ ላይ የሚገኘው በአሲድ የተመታ፣ ፈዘዝ ያለ፣ በመስመር በመስመር የተደረደረ ማህተም ነው። ዕቃው ሐሰት አልነበረም። የተከፈለበት ዋጋ ነው ልክ ያልነበረው። ያ ሻጭ ዓመቱ የንድፉ እንደሆነ አላወቀም ብዬ ማመን ይከብደኛል።

ሌላም አለ። ፋዞሌቶ ሲሠራ ጠርዙ ገና ትኩስ ሳለ በራሱ ክብደት ይወድቃል። ስለዚህ የሁለት ዕቃ እጥፋት አንድ ዓይነት ሊሆን አይችልም። ቅርጹ ከመጽሐፉ ጋር «ቁርጥ» ካልሆነ ብሎ መጨነቅም፣ ቅርጹን ብቻ አይቶ ማመንም ስህተት ነው። በእንግሊዝ ቻንስ የተባለው ድርጅት ከጠፍጣፋ መስታወት የሠራው መሐረብ መሰል ማስቀመጫ አለ። በፎቶ ብዙ ሰው ያሳስታል። በእጅ ሲያዝ ግን ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል።

እንግዲህ መጽሐፍ ሲገለጥ መጀመሪያ ፎቶውን ተዉት። ከሥሩ ያለውን አንብቡ። ቁመቱ ስንት ሴንቲ ሜትር ነው? በማስመሪያ ለኩት። ቴክኒኩ ምን ይባላል? ቀለሙ ከተዘረዘሩት ውስጥ አለ? የፊርማው ዓይነት ተገልጿል? የሞዴል ቁጥር አለው? ከዚያ በኋላ ዕቃውን ገልብጡና ታቹን እዩ። በዕድሜ የመጣ ጭረት ጥቃቅን ነው፤ ወዲያና ወዲህ ይሄዳል፣ ጠረጴዛ የሚነካው ቦታ ላይ ብቻ ይገኛል። ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ከተሰለፈ ሰው በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎታል። ፎቶው የሚታየው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

«መጽሐፉ ላይ ከሌለ ሐሰት ነው።»

አይደለም። በ1972 ቬኒኒ ውስጥ የተነሳው እሳት የድርጅቱን መዝገብ ብዙውን በልቶታል። የሌሎች ምድጃዎች፣ ማለትም የመስታወት ድርጅቶች፣ ሰነድም በየፊናው ጠፍቷል። ባለሙያዎቹ ደግሞ ከአንዱ ምድጃ ወደ ሌላው ሲሄዱ የእጃቸውን ስልት ይዘው ነው የሚሄዱት። ለዚህ ነው «የእገሌ ሳይሆን አይቀርም» የሚል ጥንቁቅ መጽሐፍ ሁሉን አውቃለሁ ከሚለው የሚሻለው።

«አንድ ትልቅ መጽሐፍ ይበቃል።»

ቬኒኒ ለሚሰበስብ የመሥራቹ ልጅ አና ቬኒኒ ዲያስ ደ ሳንቲያና ያዘጋጀችው፣ ከ1921 እስከ 1986 ያለውን የሚሸፍነው መዝገብ ግድ ነው። ግን እንደ ባሮቪየር ወይም ባርቢኒ ስላሉት ሌሎች የሙራኖ ሠሪዎች ምንም አይነግራችሁም። ለእነሱ ማርክ ሃይረማንስ በ1993 ያወጣው፣ ከ1910 እስከ 1970 ያለውን የሙራኖ መስታወት የሚያሳየው ሥራ ይጠቅማል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያዙ። የዋጋ መመሪያ የሚባሉትን የድሮ መጻሕፍት ለፎቷቸው ብቻ ግዙ፤ ዋጋው ጊዜው ያለፈበት ነው።

«ውድ ናቸው፣ ስለዚህ ይቅርብኝ።»

ውድ መሆናቸው እውነት ነው። አንዳንዱ ከታተመ ቆይቶ ከገበያ ስለጠፋ አሮጌው እንኳ የሚቀመስ አይደለም። ነገር ግን አንድ የተሳሳተ ግዢ ከመጽሐፉ ዋጋ ይበልጣል። መግዛት ካልቻላችሁ የሥነ ጥበብ ትምህርት ያለበት ዩኒቨርሲቲ ወይም ትልቅ የከተማ ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ። ቬኒስ የመሄድ ዕድል ያገኘ ደግሞ ሙራኖ ላይ ካለው የመስታወት ሙዚየም ሌላ ሳን ጆርጆ ማጆሬ ደሴት ይሂድ። እዚያ ያለው የቺኒ ፋውንዴሽን የመስታወት ጥናት ማዕከል የምድጃዎቹን ንድፎችና ሰነዶች ሰብስቦ ይዟል። ከመሄዳችሁ በፊት ግን ጽፋችሁ ቀጠሮ ያዙ፤ የዕቃችሁን ቁመትና የታቹን ፎቶም አብራችሁ ያዙ።