የሚስተካከል ኮንትሮል አርም፦ ገጠማውና አላይመንቱ

ኮንትሮል አርም ጎማን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዝ ክንድ ነው። አንዱ ጫፉ ሻሲው ላይ በጎሚኒ፣ ማለትም በላስቲክ ቀለበት፣ ይታሰራል። ሌላኛው ጫፉ ጎማውን ከሚሸከመው ብረት ጋር፣ አብዛኛውን ጊዜ በቦል ጆይንት (ዙሪያውን በሚታጠፍ የብረት ኳስ መጋጠሚያ)፣ ይገናኛል። መንገዱ ጎማውን ሲገፋው ክንዱ እንደ በር ማጠፊያው ላይ ይወዛወዛል። ጎማው ከፍ ዝቅ ይላል፤ ከቦታው ግን አይወጣም። ከፋብሪካ የሚመጣው ክንድ ርዝመቱ ቁርጥ ነው። የሚስተካከለው ክንድ ግን መሃሉ ወይም ጫፉ ላይ እንደ ቡሎን ያለ ጥርስ ስላለው ሲዞር ይረዝማል ወይም ያጥራል።

ሰው ይህን ዕቃ የሚፈልገው አብዛኛውን ጊዜ የመኪናውን ከፍታ ከቀየረ በኋላ ነው። አጭር ሞላ ገብቶ መኪናው ዝቅ ሲል ክንዶቹ ከሻሲው አንጻር ወደ ላይ ይነሳሉ። በዚህ ጊዜ የጎማው አናት ወደ ውስጥ ያዘነብላል። ለጠጠርና ለጭቃ ተብሎ ከፍ የተደረገ መኪናም የራሱ ችግር አለው፦ የላይኛው ቦል ጆይንት ከልኩ በላይ ይታጠፋል፣ መሪውም መንገድ አልይዝ ይላል። በግጭት ሻሲው ትንሽ የተጣመመ መኪናም በፋብሪካ ማስተካከያው ወደ ልኩ አልመለስ ሊል ይችላል። ለእነዚህ ሁሉ የሚስተካከል ክንድ መፍትሔ ይሆናል። ከፍታው ያልተነካና አላይመንቱ (የጎማዎቹ ማዕዘን) ልኩ ላይ ያለ መኪና ግን ይህ ዕቃ አያስፈልገውም ብዬ በግልጽ እናገራለሁ።

የትኛው ክንድ እንደሚቀየር የሚወስነው የሱስፔንሽኑ፣ ማለትም ጎማውን የሚይዙት ክንዶች፣ ሞላና ሾክ አሠራር፣ ዓይነት ነው። ለእያንዳንዱ ጎማ የላይና የታች ክንድ ባለው አሠራር አብዛኛውን ጊዜ የላይኛው ይቀየራል። ማክፈርሰን በሚባለው አሠራር የላይ ክንድ የለም፤ ቦታውን የያዘው ሾክ አብዞርበሩ ራሱ ነው። ስለዚህ እዚያ ማስተካከያው የታችኛው ክንድ ወይም የሾኩ አናት ላይ ይሆናል። ብዙ ቀጫጭን ዘንጎች ጎማውን የሚይዙበት አሠራርም አለ። መርሴዲስ ቤንዝ እ.ኤ.አ. በ1982 ባወጣው 190 በተባለ መኪና ላይ እያንዳንዱን የኋላ ጎማ በአምስት ዘንግ ይዞታል። እንዲህ ያለ ሱስፔንሽን ላይ አንዱን ዘንግ መንካት የሌሎቹንም ልክ ያናጋል።

አላይመንት ሲባል በዋናነት ሦስት ማዕዘኖችን ነው የምንለካው። ካምበር ከፊት ለፊት ሲታይ የጎማው ማዘንበል ነው። አናቱ ወደ ውስጥ ሲጋደል ኔጌቲቭ፣ ወደ ውጭ ሲጋደል ፖዘቲቭ ይባላል። ካስተር ከጎን ሲታይ ጎማው በመሪ የሚዞርበት ዘንግ ወደ ኋላ መጋደሉ ነው። መሪው ከኩርባ በኋላ በራሱ ወደ መሃል እንዲመለስ የሚያደርገው በዋናነት እሱ ነው። መኪና ወደ አንድ ጎን የሚጎትተው ካምበሩ ይበልጥ ፖዘቲቭ ወደሆነበት፣ ወይም ካስተሩ ወዳነሰበት ጎን ነው። ስለዚህ የግራና የቀኝ መቀራረብ ከቁጥሩ ትልቅነት አይተናነስም።

ሦስተኛው ቶ ነው። ከላይ ወደ ታች ቢታይ፣ የጎማዎቹ አፍንጫ ወደ ውስጥ ነው የሚያየው ወይስ ወደ ውጭ? ጎማ ፈጥኖ የሚበላው ይህ ነው። አንድ ጎማ ከቀጥታው 0.1 ዲግሪ ብቻ ቢዛነፍ በየኪሎሜትሩ 1.75 ሜትር ያህል ወደ ጎን እየተፋቀ ይሄዳል። ይህንን በአሥር ሺህ ኪሎሜትር ማባዛት ነው። ምልክቱ በእጅ ይታወቃል። መዳፋችሁን በጎማው ፊት ላይ ወደ ጎን አሻሹት። በአንድ አቅጣጫ ልስልስ ብሎ፣ በመልሱ እንደ መጋዝ ጥርስ ጣት ከያዘ ቶው ልክ አይደለም።

አሁን ወደ ገጠማው። መኪናው በክሪክ ይነሳል፤ ግን በክሪክ ብቻ ቆሞ ማንም ሥሩ አይገባም። ካቫሌቶ ወይም ሌላ ጠንካራ መደገፊያ የግድ ነው። ሞላው የታችኛው ክንድ ላይ የተቀመጠበት መኪና ከሆነ፣ ሞላው ሳይያዝ ክንዱን መፍታት አጥንት የሚሰብር ኃይል መልቀቅ ነው። የፍሬን ካሊፐር መፈታት ካለበት በሽቦ ይንጠልጠል እንጂ በቱቦው አይንጠልጠል። ወደ ጎማው የሚሄደው የኤቢኤስ ሽቦም እንዳይወጠር ከማሰሪያው ይላቀቅ።

አሮጌው ክንድ ሲወጣ አይጣል። በመጀመሪያ ከአንዱ ቡሎን ቀዳዳ መሃል እስከ ሌላው መሃል ይለካል። አዲሱ ክንድም መነሻው ይኸው ልክ ይሆናል። ግራና ቀኙ እኩል ይደረጋሉ፤ ከዚያ ወዲያ መለያየት ካለባቸው የሚወስነው የአላይመንት ማሽኑ ነው። ይህን የዘለለ ሰው መኪናውን እስከ ማሽኑ ድረስ መንዳት እንኳ ይቸግረዋል።

የጥርሱን ነገር ቀረብ ብለን እንየው። ክንዱ በአንድ ጫፍ የቀኝ፣ በሌላው የግራ ጥርስ አለው እንበል። ጥርሱ በአንድ ዙር 1.5 ሚሊሜትር የሚሄድ ቢሆን፣ መሃሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ክንዱ በ3 ሚሊሜትር ይለወጣል። በላይና በታች ቦል ጆይንቶቹ መካከል 300 ሚሊሜትር ቢኖር ያ አንድ ዙር ካምበሩን ከግማሽ ዲግሪ በላይ ያንቀሳቅሰዋል። ለዚህ ነው በሩብ ዙር የሚሠራው። አምራቹ ካስቀመጠው ገደብ በላይ ማርዘም ደግሞ ፈጽሞ አይገባም። በቂ ጥርስ ያልያዘ ክንድ በመንገድ ላይ ሊወልቅ ይችላል።

ብዙ ጋራዥ የሚሳሳትበት ግን የጎሚኒው ቡሎን ላይ ነው። መኪናው ተነስቶ፣ ጎማው ወደ ታች ተንጠልጥሎ ቡሎኑ ከጠበቀ፣ ጎሚኒው በዚያ አቋም ይቆለፋል። ጎማው መሬት ሲነካ የጎሚኒው ላስቲክ ተጠምዝዞ ይቀራል። ገና ሳይነዳ ተወጥሯል ማለት ነው። ቀን ከሌት በዚያ ውጥረት ቆይቶ ጊዜው ሳይደርስ ይቀደዳል፤ ባለቤቱም ዕቃው አይረባም ይላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ቡሎኑ ለጊዜው ላላ ተደርጎ ይያዛል። ከዚያ መኪናው በጎማው ሲቆም፣ ወይም ሱስፔንሽኑ በክሪክ ወደ መደበኛ ከፍታው ሲገፋ፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ በቶርክ ቁልፍ አምራቹ በሰጠው ልክ ይጠብቃል። ከጎሚኒ ይልቅ የብረት ኳስ ያለው ክንድ ይህ ችግር የለበትም። በምትኩ የመንገዱን ድምፅ ወደ ውስጥ ያመጣል፣ በአቧራም ቶሎ ይላላል። ለዕለት መኪና እኔ ጎሚኒ ያለውን እመርጣለሁ።

ከገጠማው በኋላ አላይመንት ቢቀር ይሻላል የሚባልበት ሁኔታ የለም። ካምበሩ ሲነካ ቶው አብሮ ይሄዳል። ከመለካቱ በፊት የአራቱም ጎማ ንፋስ ይስተካከላል። ከክሪክ የወረደ መኪና ወዲያው አይለካም፤ ትንሽ ወደፊትና ወደኋላ ይገፋል፣ ከፊትም ከኋላም ይጫናል፣ ሱስፔንሽኑ ቦታውን እስኪይዝ። የላላ ቦል ጆይንት ወይም ቴስቲና (የመሪ ዘንግ ጫፍ መጋጠሚያ) ካለ ቀድሞ ይቀየራል። በላላ ዕቃ ላይ የተወሰደ ቁጥር አይታመንም።

ሥራው ከኋላ ይጀምራል። የኋላ ጎማዎች ወደ ጎን የሚያዩ ከሆነ መኪናው ቀጥ ብሎ የሚሄደው መሪው ተጣሞ ነው። ቀጥሎ ፊት፦ ካስተር፣ ከዚያ ካምበር፣ መጨረሻ ላይ ቶ። ቶ የሚዘገየው ሌሎቹ ስለሚያናጉት ነው። ቶ ሲሠራም መሪው ቀጥ ብሎ ይታሰራል። ማሽን በሌለበት ከመኪናው ጎንና ጎን ክር ወጥሮ ቶን መለካት ይቻላል። ክሮቹ እርስ በርስ ትይዩ ከሆኑና ትዕግሥት ካለ ጥሩ ውጤት ይሰጣል። ዘመናዊ መኪና ላይ ግን የመሪ ማዕዘን ሴንሰሩን፣ እንዲሁም የፊት ካሜራና ራዳር ካለ እነሱን፣ እንደ መኪናው መመሪያ ዳግም ማለማመድ ሊያስፈልግ ይችላል።

ልኩ ሲገኝ የክንዱ መቆለፊያ ዳዶ ይጠብቃል። ሲጠብቅ ክንዱ አብሮ እንዳይዞር በሌላ ቁልፍ ይያዛል፤ ከዚያም ቁጥሩ እንደገና ይታያል። በመጨረሻ ከዳዶው እስከ ክንዱ ድረስ በቀለም አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይሰመራል። መቶ ኪሎሜትር ያህል ተነድቶ መስመሩ ከተሰበረ ዳዶው ዞሯል፤ መኪናው ወደ ማሽኑ ይመለሳል።