ባለ 12 ሜዠር ብሉዝ ምንድን ነው? በኦሊቨር ኔልሰን አልበም እየቆጠርን

ባለ 12 ሜዠር ብሉዝ የአንድ ዘፈን ስም አይደለም፤ ብዙ ሺህ ዘፈኖች የቆሙበት ቋሚ ቅርጽ ነው። ሜዠር ማለት የሙዚቃው ጊዜ የሚከፋፈልበት እኩል ክፍል ነው፤ እዚህ እያንዳንዱ አራት ምት ስላለው አሥራ ሁለቱ ሲደመሩ 48 ምት ይሆናሉ። 48ኛው ምት ሲያልቅ ቅርጹ እንደገና ከአንድ ይጀምራል፤ አንዱ ሙሉ ዙር ኮረስ ይባላል። ሶሎ የሚወስደው (ብቻውን ወጥቶ እየፈጠረ የሚጫወተው) ሰው አንድም አሥርም ኮረስ ሊጫወት ይችላል፤ ከስር ያለው የኮርድ (አንድ ላይ የሚሰሙ ኖታዎች) ጉዞ ግን ያው ነው።

ሲ የተባለውን ኖታ መነሻ አድርጎ ሲጫወት ጉዞው እንዲህ ነው። ከ1ኛው እስከ 4ኛው ሜዠር ሲ ሰቨን፣ 5ኛውና 6ኛው ኤፍ ሰቨን፣ 7ኛውና 8ኛው ተመልሶ ሲ ሰቨን፣ 9ኛው ጂ ሰቨን፣ 10ኛው ኤፍ ሰቨን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሲ ሰቨን። ብዙ ጊዜ 12ኛው ላይ ጂ ሰቨን ይገባና ወደሚቀጥለው ኮረስ ይስባል። ሲዘፈን ደግሞ በመጀመሪያዎቹ አራት ሜዠሮች አንድ ስንኝ ይባላል፤ በቀጣዮቹ አራት ያው ስንኝ ይደገማል፤ ነገር ግን ኮርዱ ስለተቀየረ የተደገመው ቃል ሌላ ስሜት ይዞ ይመጣል። መልሱ በመጨረሻዎቹ አራት ነው። ዘፋኙ ከየአራቱ ሜዠር ሁለት ያህሉን ብቻ ይይዛል፤ የቀረው ለጊታሩ ወይም ለትራምፔቱ ምላሽ የተተወ ነው።

እዚህ ላይ «ሰቨን» የምትለዋ ቃል ቀላል አይደለችም፤ በኮርዱ ላይ አንድ ኖታ መጨመሩን ታመለክታለች፣ በሲ ኮርድ ላይ ቢ ፍላት (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ቢ)። በአውሮፓ ክላሲካል ሙዚቃ ሲ ሰቨን ማረፊያ አይሆንም፤ ውስጡ ያለው ቢ ፍላት ወደ ኤፍ ኮርድ ይገፋዋል። ብሉዝ ግን ይህንኑ ውጥረት ያለበትን ኮርድ ማረፊያው አደረገው። በዜማው በኩል ዝቅ የተደረጉ ኖታዎች አሉ፦ ኢ ፍላት፣ ጂ ፍላትና ቢ ፍላት። ዘፋኝና ሳክስፎን በኢ ፍላትና በኢ መካከል ያለውን ድምፅ ሊያወጡ ይችላሉ፤ ፒያኖ ስለማይችል ሁለቱን ቁልፎች አንድ ላይ ይመታል፣ ወይም ከአንዱ ወደ ሌላው ያንሸራትታል። ትዝታ ማይነር (ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት) የለመደ ጆሮ ሲን፣ ኢ ፍላትንና ጂን ሲሰማ የሚያውቀው ቦታ የደረሰ ይመስለዋል። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው፤ ብሉዝ የሚያዘነብለው ወደ ቢ ፍላት እንጂ ወደ ኤ ፍላት አይደለም፤ ጣት በልምድ ኤ ፍላት ላይ ካረፈ ብሉዙ ይጠፋል።

ይህን ቅርጽ እስከ የት መለጠጥ እንደሚቻል ለመስማት «ዘ ብሉዝ ኤንድ ዚ አብስትራክት ትሩዝ» ከተባለው አልበም የተሻለ መማሪያ ማግኘት ይከብዳል። የጃዝ ሳክስፎን ተጫዋቹና የዜማ ደራሲው ኦሊቨር ኔልሰን እ.አ.አ. ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1961 በኒው ጀርሲ፣ በሩዲ ቫን ጌልደር ስቱዲዮ ቀርጾ ኢምፐልስ በተባለው የሙዚቃ አሳታሚ ያወጣው ነው። ኔልሰን ራሱ አልቶና ቴነር ሳክስፎን፣ ፍሬዲ ሀባርድ ትራምፔት፣ ኤሪክ ዶልፊ አልቶና ፍሉት፣ ጆርጅ ባሮው ባሪቶን ሳክስፎን፣ ቢል ኢቫንስ ፒያኖ፣ ፖል ቻምበርስ ቤዝ፣ ሮይ ሄይንስ ድራም ይጫወታሉ። ባሮው በአልበሙ ውስጥ አንድም ሶሎ የለውም፤ የእነዚያን የተጠጋጉ የነፋስ መሣሪያ ኮርዶች ታች የሚይዘው ግን የእሱ ባሪቶን ነው።

የመጀመሪያው ሥራ «ስቶለን ሞመንትስ» ቆጣሪን የሚያሳስት ነው። ሐዘን ያዘለ ድምፅ ባለው በሲ ማይነር የተሠራ ነው፤ ዋናው ዜማ ግን 12 ሳይሆን 16 ሜዠር አለው፣ ያውም 8፣ 6 እና 2 ሆኖ የተከፈለ። ከመነሻው 12 እያለ የሚቆጥር ሰው ሁለተኛው ዙር ሳይደርስ ይጠፋበታል። ዜማው አልቆ የሀባርድ ትራምፔት ብቻውን እስኪወጣ መጠበቅ ነው፤ ከዚያ ጀምሮ ሶሎዎቹ በሙሉ መደበኛ ባለ 12 ሜዠር ማይነር ብሉዝ ናቸው። ኔልሰን የጻፈውን ዜማ ለጠጠ፣ ለፈጠራ የሚሆነውን ሜዳ ግን አልነካም። የአልበሙ ድፍረት ሁሉ በዚህ ምርጫ ላይ የተመሠረተ ይመስለኛል፤ ሁለቱንም ቢቀያይር ኖሮ አድማጩ የሚይዘው ነገር አይኖረውም ነበር።

አቆጣጠሩ፦ «አንድ-ሁለት-ሦስት-አራት፣ ሁለት-ሁለት-ሦስት-አራት፣ ሦስት-ሁለት-ሦስት-አራት» እያሉ፣ የመጀመሪያዋን ቃል የሜዠሩ ቁጥር እያደረጉ እስከ 12። ጆሮ የቻምበርስ ቤዝ ላይ ይሁን፤ ኮርዱ ሲቀየር ቀድሞ የሚሰማው እዚያ ነው። ድራሙን ብቻ መከተል ያሳስታል፤ ሄይንስ ጠንካራ ምቱን ሁልጊዜ በሜዠሩ የመጀመሪያ ምት ላይ አያሳርፍም። ሶሎውን መከተል ደግሞ የባሰ ነው፤ ጥሩ ተጫዋች ሐረጉን ከ12ኛው ሜዠር አሻግሮ ቀጣዩ ኮረስ ውስጥ ይጨርሰዋል፣ አዲስ ሐረግ ሲጀመር አዲስ ኮረስ የተጀመረ ይመስላል። ከጠፋብዎ 5ኛውን ሜዠር ይጠብቁ፤ ረጅሙ የመጀመሪያ ኮርድ የሚለቀው እዚያ ነው። 9ኛው ደግሞ ውጥረቱ የሚበረታበት ነው።

«ሆ-ዳውን» ላይ ግን 12 አይፈልጉ። ዜማው 44 ሜዠር ነው፤ ሶሎዎቹም በጃዝ ውስጥ ሌላኛው ትልቅ መሠረት በሆነው፣ ከጆርጅ ገርሽዊን «አይ ጎት ሪዝም» በተወሰደው ባለ 32 ሜዠር የኮርድ ጉዞ (ሦስት ተመሳሳይ ክፍሎችና መሐል ላይ አንድ የተለየች ክፍል) ላይ ናቸው። «ካስኬድስ» ይህን አከፋፈልና ብሉዝን ያጋባል፦ ሦስቱ ተመሳሳይ ክፍሎች እያንዳንዳቸው ባለ 16 ሜዠር ማይነር ብሉዝ፣ መሐል ላይ የምትገባው የተለየች ክፍል 8፣ ድምሩ 56። ቅርጹን መለጠጥ አዲስ ነገር አልነበረም። የብሉዝ ዜማ ደራሲው ደብልዩ ሲ ሃንዲ እ.አ.አ. በ1914 ያሳተመው «ሴንት ሉዊስ ብሉዝ» ባለ 12 ክፍሎቹ መሐል ባለ 16 ሜዠር ክፍል አለው፤ ኔልሰንም የተወለደው በዚያችው በሴንት ሉዊስ ነው።

መቁጠሩን ከለመዱ በኋላ ወደ መጨረሻው ሥራ፣ «ቲኒስ ብሉዝ» ይሂዱ። ኔልሰንና ዶልፊ ሁለቱም አልቶ ይዘዋል፣ መሬቱም አንድ ዓይነት ነው። ዶልፊ ከዝቅተኛ ኖታ ወደ ከፍተኛ በሰፊው እየዘለለ ከኮርዱ ውጭ ያለ ይመስላል፤ በ5ኛውና በ9ኛው ሜዠር ላይ ቆም ብለው ቢፈትሹት ግን የት እንዳለ ጠንቅቆ እንደሚያውቅ ይሰማል።