ኦቨርሌይ ጆርናል ምንድን ነው?

«አርካይቭ ላይ የተጫነ ፒዲኤፍ ሊንክ ለጥፈው ጆርናል ነን ይላሉ» የሚል አስተያየት ስለ ኦቨርሌይ ጆርናሎች አሁንም አሁንም ይመጣል። (አርካይቭ ተመራማሪዎች ጽሑፋቸውን በነጻ የሚጭኑበት የኢንተርኔት ማኅደር ነው።) አስተያየት ሰጪው ያየው ሊንኩን ብቻ ነው።

ኦቨርሌይ ጆርናል ጽሑፍ አያከማችም፤ ሌላ ቦታ የተጫነውን ገምግሞ ይፈርዳል። ፍርድ ቤት የመሬት ክርክር ሲያይ መሬቱን ወደ ግቢው አያስገባም። «መሬት ስለሌለው ፍርድ ቤት አይባልም» የሚል ግን አልተሰማም።

ደራሲው ጽሑፉን አርካይቭ ላይ ይጭናል፣ መለያ ቁጥሩን ለጆርናሉ ይልካል። ገምጋሚው የሒሳብ ማረጋገጫውን ሌማ በሌማ (ወደ ዋናው ውጤት የሚያደርሱትን ንዑስ ውጤቶች አንድ በአንድ) ይፈትሻል። (በንጹሕ ሒሳብ ይህ ከዓመት በላይ ቢወስድ አይገርምም፤ ኦቨርሌይ መሆኑም አያፈጥነውም።) እርማቱ በዚያው መለያ ቁጥር ሥር አዲስ ቅጂ ሆኖ ይጫናል። ጽሑፉ ተቀባይነት ሲያገኝ ጆርናሉ ርእሱንና ዲኦአዩን (ቋሚ የኢንተርኔት መለያውን) የያዘ ገጽ ከፍቶ ወደዚያ ቅጂ ይመራል። እ.ኤ.አ. በ2016 በሒሳብ ሊቁ ቲሞቲ ጋወርስ መሪነት የተጀመረው ዲስክሪት አናሊሲስ የተባለው ጆርናል የሚሠራው እንዲህ ነው። አንባቢም ደራሲም አይከፍልም፤ «ክፍት ከሆነ ደራሲው ከፍሎበታል» የሚለውም እዚህ አይሠራም።

ችግር የሚፈጠረው ቅጂ ላይ ነው። ፍርዱ የሚጸናው በተለካው ወሰን ነው፤ ከውሳኔው በኋላ አዲስ ሌማ ጨምሮ ሌላ ቅጂ የሚጭን ደራሲ አጥሩን ገፍቶ የድሮውን የፍርድ ወረቀት እያሳየ ነው። ስለዚህ የጆርናሉ ሊንክ እንደ ቪ3 (ሦስተኛ ቅጂ) ባለ የቅጂ ቁጥር መጨረስ አለበት። ቁጥሩ ከቀረ ሊንኩ ሁልጊዜ ወደ መጨረሻው ቅጂ ይወስዳል፤ አንባቢው ማንም ያልገመገመውን ገጽ «የታተመ» ብሎ ይጠቅሳል።

ከእ.ኤ.አ. 2022 ወዲህ አርካይቭ ራሱ ዲኦአይ ስለሚሰጥ አንድ ጽሑፍ ሁለት ዲኦአይ ሊኖረው ይችላል። የአርካይቩ ስለ ግምገማ ምንም አይናገርም። አርካይቭ ላይ የሚደረገው ማጣራት ጽሑፉ ሳይንሳዊ መልክ እንዳለውና በትክክለኛው ዘርፍ እንደገባ ያያል እንጂ ቲዎረሙን አይፈትሽም። ሲጠቅሱ የጆርናሉን ዲኦአይ ይጻፉ። ደራሲዎችም በአርካይቭ ገጻቸው የጆርናል ማጣቀሻውን ይሙሉ፤ ለዚህ አዲስ ቅጂ መጫን አያስፈልግም።

«ፔሬልማንስ ያለ ጆርናል አልቻለም?» የሚለውም አይቀርም። የሒሳብ ሊቁ ግሪጎሪ ፔሬልማን የፖአንካሬን ግምት ለማረጋገጥ እ.ኤ.አ. በ2002 እና 2003 አርካይቭ ላይ የጫናቸውን ሦስት ጽሑፎች በርካታ ባለሙያዎች ለዓመታት መስመር በመስመር ፈትሸዋቸዋል። ያለ ጆርናል የተሳካለት ግምገማው ቀርቶ ሳይሆን ከየትኛውም ጆርናል የጠነከረ ሆኖ ነው። ለተራ የግራፍ ቲዎሪ ውጤት እንዲህ ያለ ጉባኤ አይሰበሰብም፤ ለዚያ አርታኢ ያስፈልጋል።

ፈቃዱም አይዘንጋ። ብዙዎች ሳያስቡ የሚመርጡት ፈቃድ አርካይቭ እንዲያሰራጭ ብቻ ነው የሚፈቅደው፤ ሌላው ሰው ጽሑፉን መልሶ እንዲጠቀምበት አይፈቅድም። ጆርናሉ ሲሲ ባይ (የደራሲው ስም እስከተጠቀሰ ድረስ ማንም ጽሑፉን መልሶ እንዲጠቀምበት የሚፈቅደውን ፈቃድ) ከጠየቀ የመጨረሻውን ቅጂ ሲጭኑ ይምረጡት፤ አንዴ ከሰጡት መልሰው መውሰድ አይችሉም።