ፊደል እየቆጠራችሁ «ሞር» አትጨምሩ

«ቃሉ ረጅም ከሆነ ሞር፣ አጭር ከሆነ ኧር።» በየዓመቱ የሚመጡልኝ የእንግሊዝኛ ተማሪዎች ቅጽል ላይ «የበለጠ» ለማለት ይህችን ሸምድደው ነው የሚመጡት። ማን እንደሚያስተምራቸው አላውቅም፤ ባገኘው ግን የምለው አለኝ።

ቅጽል ሲወዳደር የሚቆጠረው ፊደል ሳይሆን ሲላብል ነው፤ በግርድፉ፣ ቃሉ ሲነገር የሚሰማው የአናባቢ ድምፅ ብዛት። ቀጥ ያለ ማለት የሆነው «ስትሬይት» በእንግሊዝኛ በ8 ፊደል ይጻፋል፤ የሚሰማው ሲላብል ግን አንድ ስለሆነ መደበኛው «ስትሬይተር» ነው። ጉጉ የሚለው «ኢገር» ደግሞ 5 ፊደል ብቻ ሆኖ ሁለት ሲላብል አለው፤ «ሞር ኢገር» ይባላል።

እኛ ዘንድ ነገሩ የሚብሰው በራሳችን አነጋገር የተነሳ ነው። «ስትሮንግ» በእኛ ፊደል ሲጻፍ አምስት ሆሄ ይሆናል፤ ስንናገረው ደግሞ ብዙዎቻችን ከፊቱ «እ» እንለጥፍበትና «እስትሮንግ» እንላለን። ጆሯችን ሁለት ሲላብል ሰማ፣ አፋችን «ሞር» አለ። አንድ የባንክ ሠራተኛ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሲዘጋጅ «ሞር ስትሮንግ» አልተወው ብሎ አስቸገረኝ። መጀመሪያ «እ»ዋን አስጣልኩት። ከዚያ መዳፉን አገጩ ሥር አስደርጌ ቃሉን አስባልኩት፤ አገጩ አንዴ ብቻ ወረደ። «ስትሮንገር» ያለው ያኔ ነው። እናንተም ሞክሩት፣ ገንዘብ አይጠይቅም።

ለነገሩ ሲላብል መቁጠርም ሁሉን አይፈታም። ሁለት ሲላብል ያላቸው ላይ እንደ «ሃፒ» በዋይ የሚያልቁት «ሃፒየር» ይሆናሉ፤ «ዩዝፉል» እና «ሞደርን» «ሞር» ይወስዳሉ፤ «ክሌቨር» እና «ሲምፕል» በሁለቱም መንገድ ይሄዳሉ። «ፈን» ደግሞ አንድ ሲላብል ሆኖ «ሞር ፈን» ነው። ይህ ሕግ ሳይሆን ልማድ ነው፤ የሚለመደው በማንበብ ነው።

«ቤተር» ራሱ «የተሻለ» ማለት ስለሆነ «ሞር ቤተር» ስህተት ነው ስል ሁልጊዜ አንድ ብልጥ አይጠፋም፦ «ሼክስፒር ራሱ ‹ሞስት አንካይንደስት› ብሎ ጽፏል!» አዎ፣ በ«ጁሊየስ ቄሳር» ውስጥ። በዘመኑ ድርብ ማወዳደሪያ፣ ማለትም «ሞር»ን ከ«ኧር» ወይም «ሞስት»ን ከ«ኧስት» ጋር መደረብ፣ የተለመደ ነበር፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የሰዋስው ጸሐፊዎች አወገዙት፣ ከመደበኛው ጽሑፍም ወጣ። የአይልትስ (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) ፈታኝ ሼክስፒር ነኝ ብትሉት አይሰማችሁም።

«ቬሪ ቤተር» የለም፤ «መች ቤተር» በሉ።

ሱፐርላቲቭ («ከሁሉ የበለጠ» የሚለው) ሁሉ «ዘ» ይፈልጋል? «ማይ ቤስት ፍሬንድ» ውስጥ የታለ? ቦታውን «ማይ» ይዞታል።

«ፐርፌክት (ፍጹም) አይወዳደርም» ለሚሉኝ፦ የ1787ቱ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት መግቢያው ላይ «ሞር ፐርፌክት ዩኒየን» ይላል።

«ቶለር ዛን ሚ» ማለትም ነውር አይደለም፤ «ዛን አይ» መደበኛ ጽሑፍ ላይ ያምራል፣ በንግግር ግን ሰው የሚለው የፊተኛውን ነው። «ቶለር ፍሮም ሚ» ካላችሁ ግን «ከእኔ»ን እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ እንደገለበጣችሁት ወዲያው ይታወቅባችኋል።