ፍጹማዊ የዘውድ አገዛዝ

ፍጹማዊ የዘውድ አገዛዝ ሕግ ማውጣቱም፣ መሾም መሻሩም፣ የመጨረሻው ዳኝነትም በአንድ ንጉሥ እጅ የሚገኝበት፣ ንጉሡን ራሱን የሚጠይቅ አካል ግን የሌለበት ሥርዓት ነው። አባቶች «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ብለው በአራት ቃል ጨርሰውታል።

ብዙ ሰው ይህን አገዛዝ የተጻፈ ሕግ ካልነበረበት ዘመን ጋር ያያይዘዋል። የዴንማርኩ ንጉሥ ፍሬደሪክ 3ኛ ግን ገደብ የለሽ ሥልጣኑን እ.ኤ.አ. በ1665 በሕግ አጽፏል። በፈረንሳይ የካህናቱ፣ የመኳንንቱና የሕዝቡ ጉባኤ ከ1614 እስከ 1789 አንድም ጊዜ አልተጠራም፤ ሉዊ 14ኛ 72 ዓመት የነገሠው በዚሁ መካከል ነው።

የእኛ አገር ታሪክ ነገሩን ይበልጥ ያሳያል። በዘመነ መሳፍንት የጎንደር ነገሥታት ጉልበት ያለው ራስ ሲሻው የሚያነግሣቸው፣ ሲሻው የሚሽራቸው ነበሩ። ዘውዱ በእውነት ፍጹማዊ የሆነው በ20ኛው ክፍለ ዘመን፣ ጦሩ ደመወዝተኛ፣ ገዢውም ከአዲስ አበባ የሚላክ ሹመኛ ሲሆን ነው። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የተፈረመው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት የዚህ ጉዞ አካል ነበር። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲያረቁት የጃፓኑን የሜይጂ ሕገ መንግሥት ተመልክተዋል። ከ55ቱ አንቀጾች 5ኛው የንጉሠ ነገሥቱ አካል ቅዱስ፣ ክብራቸው የማይደፈር፣ ሥልጣናቸውም ክርክር የማይነሣበት መሆኑን ይደነግጋል። የሕግ መወሰኛ ምክር ቤቱን አባላት የሚሾሙት ራሳቸው ነበሩ። ሕዝቡ እንደራሴዎቹን በቀጥታ መምረጥ የቻለው ከ1948ቱ ማሻሻያ በኋላ ነው፤ ያኔም ቢሆን ጠቅላይ ሚኒስትሩ የዘውዱ ሹመኛ ነበር።

ገበሬው ሥርዓቱን የሚያውቀው ግን በአንቀጽ አልነበረም። ፍርድ የተጓደለበት ሰው ስንቁን ቋጥሮ ከሩቅ አገር ይመጣና፣ የጃንሆይ መኪና በሚያልፍበት መንገድ ዳር ማመልከቻውን ይዞ «አቤት!» ይል ነበር። ዕድል የቀናው ጉዳዩ እስከ ዙፋን ችሎት ይደርስለታል። ይህን ተስፋ እንደ ቀላል ነገር ማየት ልክ አይመስለኝም፤ ለብዙ ድሃ የቀረው ብቸኛ ደጅ እሱ ነበር። ከዚያ ደጅ በላይ ግን ይግባኝ የለም። ሚኒስትሮችን ለምክር ቤት ተጠሪ የሚያደርግ ረቂቅ ሕገ መንግሥት የተዘጋጀው አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ በ1966 ነው፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን አወረዳቸው።

ዛሬ ሥርዓቱ በጥቂት አገሮች ቀርቷል። የሳዑዲ አረቢያ መሠረታዊ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1992 በንጉሥ ትእዛዝ የወጣ ነው። በብሩናይ ሱልጣኑ ጠቅላይ ሚኒስትርም ናቸው። በኢስዋቲኒ ንጉሥ ምስዋቲ 3ኛ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ይገዛሉ፤ ፓርቲዎች በምርጫ አይወዳደሩም። ቫቲካን ደግሞ ሥልጣኑ የማይወረስበት፣ ካርዲናሎች የሚመርጡበት ልዩ ዓይነት ነው።

ኦማንን ለሃምሳ ዓመት ገደማ የገዙት ሱልጣን ቃቡስ ልጅ አልነበራቸውም። በጥር 2020 ሲያርፉ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ትተውት የነበረውን የታሸገ ደብዳቤ ከፈተ፤ የአጎታቸው ልጅ ሃይሰም ቢን ታሪቅ ስም ተጽፎበት ተገኘ፤ በዚያው ቀን ነገሡ።